«ደርሰናል» ለሚባለው የማይደርስ ድርጅት አርማ ስሠራ

ጉርድ ሾላ ላይ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ በላይ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እሠራለሁ። መስኮቷን ከከፈትኳት የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይገባል፤ ከዘጋኋት ትሞቃለች። ስለዚህ ገርበብ አድርጌ መሥራት ለምጃለሁ። ሥራዬ አርማ መሥራት ነው። ደንበኞቼ «ሎጎ» ነው የሚሉት፤ እኔም እነሱ ፊት ሎጎ እላለሁ። ዳቦ ቤት፣ የጥርስ ክሊኒክ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ቀለም አስመጪ፣ ሁሉም ይመጣል። ብዙዎቹ የሚፈልጉት ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ የዓለም ሉል፣ በሉሉ ዙሪያ የሚዞር ቀስት፣ ቦታ ከተረፈ ንስር። አንድ የዳቦ ቤት ባለቤት ንስሩ ዳቦ እንዲይዝለት ለምኖኝ ሠርቼለታለሁ። እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ቀና ብዬ አላይም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንዲት ሴት ደወለች። የምትጣደፍ ሴት ናት፤ ስሜን እንኳ ሙሉውን አልጠራችውም።

«ለደርሰናል ሎጎ እንድትሠሪልን ፈልገን ነበር።»

«ለየትኛው ደርሰናል?»

«ስንት ደርሰናል አለ? ለደርሰናል ነዋ!»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሳቄም አመለጠኝ።

«ደርሰናል» የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ነው፤ ግን በዓለም ላይ የለም። ያለው ቴሌቪዥን ላይ ብቻ ነው፣ በየሳምንቱ በሚተላለፍ አንድ ሲትኮም ውስጥ። አንድ ቢሮ፣ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና፣ አንድ ሥራ አስኪያጅና ሁልጊዜ እርስ በርሳቸው የሚጨቃጨቁ ሠራተኞች አሉት። ቤት የሚቀይር ሰው ይደውላል። ሥራ አስኪያጁ ገና ጫማውን ሳያጠልቅ ስልኩን ያነሳና፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «ደርሰናል!» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ ያለመድረስ ታሪክ ነው። መኪናዋ አትነሳም፤ ከተነሳችም የተሳሳተ ሰው ቤት ትሄድና ሊዛወር ያላሰበውን ሰው ዕቃ ጭና ትመጣለች። አዲስ አበባ ውስጥ ከአልጋው ሳይወርድ «መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ለዚህ ይሆናል ሁሉም የሚወደው።

እንደ እናቴ የሚወደው ግን አላየሁም። እኔና እሷ የምንኖረው የካ፣ ዳገቱ ላይ፣ ከኋላው ባሕር ዛፍ ባለበት አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሳምንቱን የምትቆጥረው በዚህ ድራማ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ማታ ቤት ገብቼ ነገሩን ስነግራት ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀመጠች።

«ሥራ አስኪያጁን ታገኚዋለሽ?»

«ተዋናዩን ማለትሽ ነው?»

«ያው ነው! ስታገኚው ያንን ሹፌር እንዲያባርረው ንገሪው። እሱ ነው የሚያበላሸው።»

በማግስቱ ከደወለችው ሴት፣ ከድራማው ዳይሬክተር ጋር ተገናኘን። የሚሠሩት በየካ ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት አቅራቢያ በተከራዩት ግቢ ውስጥ ነው። እንደ ድምጿ የምትጣደፍ፣ ብዕሯን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ብዕር የምትፈልግ ሴት ናት። ነገሩን በአጭሩ አስረዳችኝ። በአዲሱ ምዕራፍ ድርጅቱ ሊዘምን ነው። ሥራ አስኪያጁ የሆነ ስልጠና ላይ ተቀምጦ ይመጣና ሁሉንም ነገር እቀይራለሁ ብሎ ይነሳል፤ የመጀመሪያው ነገር ደግሞ አርማው ነው። የድሮው አርማ ሶፋ አንጠልጥሎ የሚበር ንስር ነበር። ይህን ስትነግረኝ የዳቦ ቤቱን ንስር አስታውሼ ማስታወሻ የምጽፍ መሰልኩ።

«አስቂኝ እንዲሆን ነው የምትፈልጉት?» አልኳት።

«በፍጹም። ሳቁን ለእኛ ተዪልን። አንቺ የእውነት ድርጅት መጥቶ ያዘዘሽ መስሎሽ ሥሪ። ዘመናዊ፣ ንጹሕ፣ መኪና ላይ ሲለጠፍ ከሩቅ የሚነበብ።»

ይህን ብላ ሸኘችኝ። እኔም ቀላል ሥራ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ቀላል አልነበረም። የእውነት ድርጅት ሲመጣ እጠይቀዋለሁ፤ ምን ትሠራላችሁ፣ ከሌላው በምን ትለያላችሁ፣ ሰው ስለ እናንተ ምን እንዲያስብ ትፈልጋላችሁ። ይህን ማንን ልጠይቅ? ዕቃ እናጓጉዛለን የሚል፣ አጓጉዞ የማያውቅ ድርጅት ነው። ፍጥነቱን እንዳላሳይ አይፈጥንም፤ ጥንቃቄውን እንዳላሳይ በየሳምንቱ አንድ መስታወት ይሰብራል። ቢሆንም ሞከርኩ። ወደ ፊት የሚንደረደሩ ፊደሎች ሠራሁ፤ ካርታ ላይ ቦታ የሚጠቁመውን ምልክት ሞከርኩ፤ ከመንኮራኩር የወጣ ቀስት ሞከርኩ። ላፕቶፑን ቤት ይዤ ሄጄ ለእናቴ አሳየኋት።

«ይሄ ባንክ ነው» አለች ስለ መጀመሪያው። ሁለተኛውን አየችና፣ «ይሄ ደግሞ መድኃኒት ቤት።» ሦስተኛውን ትንሽ ረዘም አድርጋ ተመለከተችው። «ይሄን እንጃ፤ ጎማ ቤት ይሆን?»

ተስፋ ስቆርጥ የድሮዎቹን ክፍሎች ከመጀመሪያው ጀምረን አብረን እናይ ጀመር። እኔ ለሥራ፣ እሷ ለደስታዋ። ሥራ አስኪያጁ እንደ ልማዱ ካልሲውን እየፈለገ «ደርሰናል!» ሲል እኔ «እንዴት ያለ ውሸታም ነው» አልኩ፤ ለወሬ ያህል ነው ያልኩት። እናቴ ግን ዞር ብላ ገላመጠችኝ።

«ውሸታም አይደለም።»

«እንዴ እማዬ፣ ቤቱ ተቀምጦ እኮ ነው ደርሰናል የሚለው!»

«ፊቱን አታይውም? ሲናገር እሱ ራሱ ያምነዋል። መድረስ ስለሚፈልግ የደረሰ ይመስለዋል። ሰው እንደዚህ ነው።»

ደግሜ አየሁት። እውነቷን ነው። ሰውየው ስልኩን ይዞ ሲናገር ፊቱ ላይ ማታለል የለም፤ ሰርግ ቤት የደረሰ ሰው ደስታ ነው ያለው። ከዚያ ማታ ጀምሮ በድርጅቱ መሳቅ አቃተኝ ባልልም፣ ማሾፍ ግን ተውኩ።

ለብዙ ቀን የዘነበው ዝናብ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባራና ፀሐይ ወጣች። እኔ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ወረቀት ላይ «ደ» የምትለዋን ፊደል እየደጋገምኩ እጽፋለሁ። ግቢ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ቀና አልኩ። እናቴ ፍራሽ ልታሰጣ በጭንቅላቷ ተሸክማ እየወጣች ነው። ፍራሹ በግራና በቀኝ ጠፍጣፋ ሆኖ ተንጋሏል፤ ከሥሩ አንገቷ ትንሽ ይታያል፤ ከዚያ ትከሻዋ፣ ከዚያ ሁለት እግሮቿ።

ወረቀቴን አየሁ። እናቴን አየሁ። ላይዋ ጠፍጣፋ መስመር፣ አጭር አንገት፣ ትከሻ፣ ሁለት እግር። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስጽፋት የኖርኳት «ደ» ዕቃ የተሸከመ ሰው ነበረች።

«እማዬ፣ አንዴ ቁሚ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«አትንቀሳቀሺ! እንዳለሽ ቁሚ!»

«ፍራሽ አሸክማ ቁሚ ትለኛለች! ነይ ያዢልኝ እንጂ አንቺ ልጅ!»

«አንድ ደቂቃ!»

አጉረመረመች እንጂ ቆመችልኝ። ቶሎ ቶሎ ሳልኳት። ከጨረስኩ በኋላ ሮጬ ወጣሁና ፍራሹን አብረን አሰጣን። ወረቀቱን ስታይ እስክርቢቶዬን ተቀብላ አንዱን እግር ወፈር አደረገችው።

«የኔ እግር ይህን ያህል ቀጭን አይደለም» አለች።

ሐሳቡ ተገኘ እንጂ ሥራው ገና ነበር። ሰውየው እንዲራመድልኝ እፈልጋለሁ፤ ፊደሏ ግን አላራምድም አለችኝ። ቀኝ እግሩን አስረዝሜ ወደ ፊት ሳስቀድመው «ዳ» ሆኖ «ዳርሰናል» ተነበበ። ግራውን ሳስረዝም «ዶ» ሆነ። ጫማ ቢጤ ላድርግለት ብዬ ቀኝ እግሩ ሥር ትንሽ መስመር ሳወጣ «ዲ» ሆኖ አረፈው። ሰውየው በባዶ እግሩ፣ ሁለቱም እግሮቹ እኩል ሆነው መሄድ ነበረበት። መጨረሻ ላይ እግሮቹን ሳልነካ ፊደሏን እንዳለች ትንሽ ወደ ፊት አዘነበልኳት። ሸክም የከበደው ሰው እንደሚያዘነብል ማለት ነው። ሸክሙን ቢጫ፣ ሰውየውን ጥቁር አደረግኩት። ተራመደ። ጉርድ ሾላ ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ከሩቅ አየሁት፣ ከቅርብ አየሁት፤ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ የወደድኩት ነገር አልነበረም።

ለማሳየት ወደ ግቢያቸው ስሄድ ዳይሬክተሯ ብቻዋን አልነበረችም። መስኮቱ ሥር፣ ሹራብ የለበሰ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ለደቂቃ ያህል አላወቅኩትም። ሥራ አስኪያጁን የሚጫወተው ተዋናይ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ የሚያስተጋባው ድምፁ በአካል ሲገኝ ዝግ ያለ ነው፤ ሰላም ሲለኝም ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነው።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ዳይሬክተሯ አየችው። ብዕሯን ከፀጉሯ አወጣች፤ መልሳ ሰካችው።

«አምሯል» አለች።

ቀጥሎ የሚመጣ ነገር እንዳለ ከድምጿ አወቅኩ።

«ችግሩ ማማሩ ነው። እኔ ነኝ የእውነት ይሁን ያልኩሽ፤ አውቃለሁ። ግን ይሄ የሚያደርስ ድርጅት ሆነ። ይሄን አርማ መኪናው ላይ ያየ ሰው ዕቃውን ይሰጣል። ሰው በዚህ እንዴት ይስቃል? እስቲ ሸክሙ እየወደቀ ይሁን። ወይ ደግሞ ሰውየው ወደ ኋላ ይሂድ፤ ሰዎቹ ሳያውቁት፣ ተመልካቹ ብቻ እንዲያየው።»

ሐሳቧ መጥፎ አልነበረም። እንዲያውም የሚያስቅ ነው። እኔ ግን የማስበው እናቴን ነበር፤ ግቢ ውስጥ ፍራሽ ተሸክማ ወደ ኋላ ስትሄድ ታየችኝ። «ይቻላል» አልኩ፤ ድምፄ ግን ለራሴም ደስ አላለኝም።

«እስቲ አንዴ ልየው» አለ ተዋናዩ። የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ መጣ። መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ይሄ ሰው ነው አይደል? ፊደሏ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ምንድን ነው የተሸከመው?»

«ፍራሽ ነው። እናቴ ነች፤ ማለቴ፣ እናቴን አይቼ ነው የሠራሁት። እርስዎን በጣም ይወድዎታል... ትወድዎታለች» ብዬ ተንተባተብኩ። ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ዳይሬክተሯ ዞረ።

«ይሄን ሰውዬ ስንት ጊዜ ነው የተጫወትኩት? ጫማው ይጠፋል፣ ሱሪው ይቀደዳል፣ መኪናው ይገፋል። አንድ ቀን አንድ ደህና ነገር አግኝቶ አያውቅም። ይሄን ስጡት።»

«ተመልካቹ ምን ይላል?»

«ተመልካቹ አርማውን ያያል፤ ከዚያ ከሥሩ የቆምነውን ያያል። ሳቁ እዚያ ነው። አርማውን ካበላሸሽው ግን ሳቅ ሳይሆን ስድብ ይሆንበታል። እሱ እኮ ከልቡ ነው ሊያድግ የፈለገው።»

ዳይሬክተሯ እሱን አየችው፤ ስክሪኑን አየችው። «ከልቡ ነው፤ እሱስ እውነት ነው» አለች፤ ከዚያም፣ «እሺ። አንድ ጭረት አትንኪው።»

ይህን ለእናቴ ስነግራት ሌላውን ሁሉ ዘለለችና፣ «ስሜን ነገርሽው?» አለችኝ።

የቀረጻው ቀን እኛው ሰፈር አካባቢ፣ ወደ እንጦጦ ከሚወጣው መንገድ ዳር ነበር። የጭነት መኪናው በአዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ አርማው በጎኑ ላይ በትልቁ ተስሎ ቆሟል። ድራማው ላይ ይህ መኪና ተገፍቶ እንጂ በራሱ ተነስቶ አያውቅም፤ በእውነት ግን ደህና መኪና ነው፤ ባለቤቱ ራሱ እያሽከረከረ ለቀረጻ ያከራየዋል። እኔ የሄድኩት ቀለሙ እንዳዘዝኩት መሆኑን ለማየት ነው። ቀለሙ እንዳዘዝኩት ነበር። የሚቀረጸው ሥራ አስኪያጁ አዲሱን አርማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ ነው። በድራማው ጽሑፍ መሠረት እያለቀሰ፣ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ እያቀፈ፣ መጨረሻ ላይ ክራቫቱ በመኪናው በር ተይዞበት ነው የሚያልቀው። ካሜራው ተተክሎ ሁሉም ሲሰናዳ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል መጥቆር ጀምሮ ነበር።

ከታች ከቅያሱ አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት እየተጣደፉ መጡ። ከሩቅ አወቅኳቸው፤ ከእናቴ ጋር አንድ ዕድር ናቸው። መኪናው ፊት ቆመው ቀና ብለው ጽሑፉን ጮክ አድርገው አነበቡ።

«ደርሰናል!»

ከዚያ ወደ ተዋናዩ ዞሩ። የሥራ አስኪያጁን ሰፊ ኮትና ቀይ ክራቫት ለብሶ ቆሟል።

«አንተ ነህ የዚህ ኃላፊ?»

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ» አለ። ኋላ ሲነግረኝ፣ ያንን ኮት ከለበሰ አፉ በራሱ እንደሚመልስ ነው የተናገረው።

«አታፍርም ታዲያ? ከጠዋት ጀምሮ ስደውል ደርሰናል፣ ደርሰናል ትሉኛላችሁ። በር ላይ ቆሜ እግሬ አለቀ! እናንተ ለካ እዚህ ተኮልኩላችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ!»

ሁሉም ሳቀ። ካሜራ የያዘው ልጅ ዳይሬክተሯ በምስጢር ያስገባቻቸው ተዋናይት መስለውት መቅረጽ ጀምሮ ነበር። እሳቸው ግን ሳቁን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«ብፌዬ፣ ዕቃዬ ሁሉ ሜዳ ላይ ነው» አሉ ድምፃቸው እየተሰበረ። «ሰማዩን አታዩትም?»

ሳቁ ቀጥ አለ። እኔ ቀረብ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። እነዚህ ዕቃ የሚያጓጉዙ አይደሉም። ድራማ ነው የሚሠሩት።»

«ድራማ? ይሄ መኪና ድራማ ነው?»

መኪናው ግን መኪና ነበር። ለዳይሬክተሯ ጉዳዩን አስረዳኋት። እትዬ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። ልጃቸው እንጦጦ ማርያም አካባቢ ነው ቤቷ፤ ሰሞኑን ወልዳለች፤ አብረን እንኑር ብላ ለምና በስንት ጊዜው እሺ አሰኝታቸዋለች። የቀጠሩት የጭነት መኪና ጠዋት መምጣት ነበረበት። ሲደውሉ የሚሰሙት መልስ ምን እንደሆነ ነግረውናል። ቴሌቪዥኑን ከዜና በኋላ ስለሚዘጉት ድራማውን አንድ ቀን አይተውት አያውቁም።

ተዋናዩ መኪናውን ወደሚያከራየው ሹፌር ዞረ። «መኪናው ይነሳል?»

«ለምን አይነሳም?» አለ ሹፌሩ ተቀይሞ።

ሁላችንም ዳይሬክተሯን አየናት። እሷ ሰማዩን አየች። የቀረው ብርሃን ጥቂት ነው፤ ለነገ ደግሞ ሌላ ቀረጻ ይዛለች። ብዕሯን ከፀጉሯ አውጥታ እጇ ውስጥ አገላበጠችው። ከዚያ ለእትዬ፣ «ብፌው ከባድ ነው?» አለቻቸው።

ዕቃው ብዙ አልነበረም፤ ብዙ ዘመን የተኖረበት የአንድ ሰው ቤት ግን ጭነው እስኪያዩት ድረስ ትንሽ ይመስላል። ብፌውን ድምፅ ቀራጩና ሹፌሩ ያዙት። ቁምሳጥኑን ካሜራ የያዘው ልጅና ሌሎቹ ተዋንያን ተረባረቡበት። ድራማው ላይ አንድ ወንበር ለማንሳት የሚጣሉት ሰዎች እዚህ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ሲሠሩ ማየት ግራ ያጋባ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ኮቱን አውልቆ፣ ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣ «በቀስታ፣ በቀስታ፣ እሱ የብርጭቆ ነው» እያለ ይመራል። ዳይሬክተሯ የድስቶቹን ክዳን ሰብስባ ታቅፋለች። የሰፈሩ ሰው በየበሩ ወጥቶ፣ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸናል። «ዛሬ ደረሱ!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

እትዬ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። እኔና ኮቱን መልሶ የለበሰው ተዋናይ ዕቃውን እንድንይዝ ከኋላ ወጣን፤ ዳይሬክተሯና ሌሎቹ በሌላ መኪና ተከተሉን። ዳገቱን ስንጀምር ዝናቡ መጣ። ሸራውን ጎትተን ብፌውንና ራሳችንን ሸፈንን፤ ሸራው ግን ለሁለት ነገር አይበቃም ነበርና ለብፌው አደላን። ብርዱ እየጨመረ፣ መኪናው በየጥምዝምዙ እያቃሰተ ወደ ላይ ይወጣል፤ የባሕር ዛፉ ሽታ በዝናቡ ተነስቷል።

«ሰው መንገድ ላይ ሲያይዎት ምን ይልዎታል?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ዝም ማለት ከብዶኝ ነው።

«ደርሰናል ይለኛል። ታክሲ ውስጥ፣ ሐኪም ቤት፣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር» አለና ሳቀ። ክራቫቱን ጨምቆ፣ «ደስ ይለኛል። ግን አንዳንዴ አዝንለታለሁ፣ ለሰውዬው። ጠዋት ተነስቶ ዛሬ ይሳካልኛል ይላል። እኔ ደግሞ ጽሑፉን አንብቤዋለሁ፤ እንደማይሳካለት አውቃለሁ። አውቄ ነው የምለብስለት።»

ሸራውን ወደሱ ትንሽ ሳብ አደረግኩለት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የቆርቆሮ በር ፊት ቆምን። እትዬ ወርደው አንኳኩ። ልጃቸው ሕፃኑን ጋቢ ውስጥ ጠቅልላ እንደታቀፈች ከፈተች። መጀመሪያ እናቷን አየች። ከዚያ መኪናውን። ከዚያ ከመኪናው ላይ እየተንጠባጠበ የሚወርደውን፣ ቀይ ክራቫት ያሰረውን ሰውዬ። አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«እማዬ! በምንድን ነው የመጣሽው?»

«በደርሰናል ነዋ» አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን እያራገፉ። «ሲሉ ሲሉ መጡልኝ። ሰዎቹ ግን ጨዋ ናቸው።»

ልጅቷ በሩን ተደግፋ ሳቀች። ሳቋ ሆዷን ስላሳመማት እየሳቀች «ወይኔ፣ ወይኔ» ትላለች፤ ሕፃኑ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። ተዋናዩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳና፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ። ስለ መዘግየታችን ይቅርታ እንጠይቃለን» አላት። የባሰ ሳቀች።

ቁምሳጥኑን እያስገባን ሳለ የእትዬ ስልክ ጮኸ። ጮክ አድርጎ የሚያወራ ስልክ ነበርና ሁላችንም ሰማነው። «እማማ፣ ደርሰናል!» አለ ጠዋት ይመጣል የተባለው ባለመኪና። እትዬ ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው አዩት። «እኔም ደርሻለሁ» አሉትና ዘጉት።

ዳይሬክተሯ ይህን ስትሰማ ብዕሯን ፈልጋ አጣች። ፀጉሯ ውስጥ አልነበረም፤ ጭነቱ መሃል ወድቆ ኖሯል። የኔን ወስዳ የእትዬን መልስ እጇ ላይ ጻፈችው።

ቀረጻው ለማግስቱ ጠዋት ተዛወረ፤ የማግስቱ ደግሞ ወደ ከሰዓት። እኔ መምጣት ባይኖርብኝም ወደ ጉርድ ሾላ ከመውረዴ በፊት ጎራ አልኩ። አየሩ ታጥቦ ጠርቷል። መኪናው እዚያው ቦታ ቆሟል፤ የእንጦጦ ጭቃ ግን ጎኑ ላይ ተረጭቶ አርማውን ከሞላ ጎደል ሸፍኖታል። አንድ ሰው ሊያጥብ ውኃ ይዞ ሲመጣ ዳይሬክተሯ ከለከለችው። «ተወው፤ እንዳለ ይሁን» አለች።

ቀረጻው ተጀመረ። ተዋናዩ ከቢሮው በር ወጣ፤ ኮቱ ገና አልደረቀም። ጽሑፉ ላይ የሚያለቅሰው ወዲያው ነው። እሱ ግን አላለቀሰም። ወደ መኪናው ቀረበ፤ በእጅጌው ጭቃውን ጠረግ ጠረግ አደረገ፤ መጀመሪያ ቢጫው ሸክም፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ ቀጥሎ ሁለቱ እግሮች ወጡ። ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቆመ። ሌሎቹ ተዋንያን የሚሉት ጠፍቷቸው እሱን ያያሉ። 

በመጨረሻ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ስጋት ነበር።

«በጣም ቆንጆ ነው» አላቸው። «እንግዲህ መሥራት ሊኖርብን ነው።»

ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። ዳይሬክተሯ አፏን በሁለት እጇ ብትይዝም አልቻለችም፤ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ድምፅ ቀራጩ ማዳመጫውን አውልቆ በተስፋ መቁረጥ አያት። እንደገና ይሁን ተባለ፤ ደገሙት፤ ክራቫቱም በበር ተያዘ፤ ሁለተኛው ደህና ነበር እንጂ እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ሦስተኛ ጊዜ ሊሞክሩ ሲሰናዱ እሷው ራሷ ይበቃል አለችና ሁላችንንም ቁርስ ጋበዘችን።

ያስተላለፉት የመጀመሪያውን ነው። ሰውየው ያንን ተናግሮ ዝም ሲል፣ ከካሜራው ጀርባ የሆነች ሴት ስትስቅ በደንብ ይሰማል። ሳቋን ቆርጠው አላወጡትም።